«ቁጭ ብዬ ነው» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለወጣቶች ነው። ታላላቆች ግን አትሂዱ፤ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

አንድ መልስ መስማት ሰልችቶኛል። ወጣት ሰው አግኝቼ «እንዴት ነህ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ስለው «ምንም፣ ቁጭ ብዬ ነው» ይለኛል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። እኔ የጠየቅኩት ለሰላምታ ነው። እሱ ግን ፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋቱን እንደሚያምን ሰው ይመልሳል።

በቅርቡ አንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻ እንዳግዛት መጣች። ሲቪዋ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ አለቀ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «የለም»።

«ምን ትችያለሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

ወረቀቱን ገልብጬ ባዶውን ጀርባ ሰጠኋት። «ባለፈው ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ ያደረግሽውን ሁሉ ጻፊ» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። ሰኞና ሐሙስ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ አስጠናች። ይህን ማድረግ ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ረቡዕ የእናቷን ገቢና ወጪ በደብተር አሰላች። ደብተሩ ከእሷ በቀር የሚይዘው የለም፤ ሒሳቡም ጎድሎ አያውቅም። ዓርብ የታመመች አክስቷን ይዛ ሐኪም ቤት ዋለች፤ የት እንደሚከፈል፣ ውጤት ከየት እንደሚመጣ እየጠየቀች። ቅዳሜ ለጓደኛዋ ሠርግ አርባ ሰው በስልክ ደውላ አሰባሰበች።

ገጹ ሞላ። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችውና «ይሄ እኮ ሥራ አይደለም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። አስጠኚ፣ ሒሳብ ያዥ፣ አስተባባሪ። እነዚህ ለሌላ ሰው ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሥራዎች ናቸው። ስላልተከፈለሽ አልሠራሽም ያለሽ ማን ነው?

አባቶች «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ። አሞሌው ያው ነው። ከክብደቱ የተቀነሰ ነገር የለም። ያቀለለው የባለቤቱ አፍ ነው። እናንተም «ምንም አልችልም» ስትሉ የሚሰማችሁ ሰው አምኖ ይሄዳል። ለምን አይመን? ስለ እናንተ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለማ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሥራ ያጣችሁት ራሳችሁን ስላልወደዳችሁ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ወደ 65 ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ሥራ እየፈለገ አላገኘም። ሥራም ትምህርትም ሥልጠናም ላይ ያልነበረው ደግሞ ከአምስት ወጣት አንዱ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም። የሥራው በር ጠባብ ነው። ይህ የእናንተ ኃጢአት አይደለም፤ አትሸማቀቁበት።

ማፈር የሚያስከትለው ጉዳት ግን አለ። ብዙ ሰው የማያስተውለው እሱን ነው። ያፈረ ሰው ይደበቃል።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር፣ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ሥራውን በማን በኩል እንዳገኙት ጠይቆ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። በሰው በኩል ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የነገራቸውን ሰው አልፎ አልፎ፣ አንዳንዶቹም በዓመት አንዴ ቢያገኙት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሊንክድኢን በተባለው ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ 20 ሚሊዮን ሰው ያካተተ ጥናት ታትሞ ነገሩን አጠናከረው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቃላችሁ። አብራችሁ ትውላላችሁ፤ አዲሱን ነገር የሚሰማው ራቅ ያለው ሰው ነው። የድሮ መምህር፣ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ የሄደ ጎረቤት፣ የጓደኛ ወንድም።

እናንተ የምትሸሹት ደግሞ ልክ እነዚህን ሰዎች ነው! የድሮ መምህሩን ከሩቅ ሲያይ መንገድ የሚሻገር ስንት ልጅ አለ። «ምን ደረስክ?» እንዳይለው ፈርቶ። የክፍል ጓደኞቿ የሚገናኙበት ቀን ሲደርስ አሞኛል የምትል ስንቷ ናት። ቤት ውስጥ ከሚያውቋችሁ ጋር ብቻ ትቀራላችሁ። እነሱም እንደ እናንተው ሥራ ይፈልጋሉ።

ማይክል ፋራዳይን ላንሳ። የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ አገር ተወለደ። ብዙ አልተማረም። በ14 ዓመቱ ሙያ እንዲለምድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ። ቀን የሚጠርዘውን መጽሐፍ ያነበዋል። በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የዝነኛውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ንግግር የሚሰማበት መግቢያ ትኬት ሰጠው። ልብ በሉ፣ ትኬቱን የሰጠው ወንድሙ ወይም ጓደኛው አልነበረም። ደንበኛ ነው።

ፋራዳይ ሄዶ ሰማ። የሰማውን ጻፈ፤ ሥዕሉን ሣለ። ከዚያ ከ300 ገጽ በላይ የሆነውን ማስታወሻ በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ሥራ እንዲሰጠውም ጠየቀ። ዴቪ በአክብሮት መለሰለት፤ ክፍት ቦታ ግን አልነበረም። ጥቂት ወራት ቆይቶ የላቦራቶሪው ረዳት ተጣልቶ ከሥራ ተባረረ። ዴቪ ያንን የተጠረዘ መጽሐፍ የላከውን ልጅ አስጠራው። ፋራዳይ በመጋቢት 1813 ሥራ ጀመረ። በ1831 ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። ውኃም ይሁን ንፋስ የሚያዞራቸው የዛሬዎቹ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት በዚያው መርህ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ጥርዙ ነው። ፋራዳይ ከጠራዥነት ለመውጣት ይፈልግ ነበር። ግን ሙያዬ ዝቅ ያለ ነው ብሎ አልደበቀውም። በሩን ያንኳኳው በዚያው ሙያ ነው። «ጎበዝ ነኝ» ብሎ ደብዳቤ ብቻ ቢልክ ማን ያስታውሰዋል? በእጁ ያለውን አሳየ።

ንቀትም ደርሶበታል። ከዴቪ ጋር አውሮፓን ሲዞር የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ታየው ነበር። በጣም ከፍቶት ትቶ ለመመለስ አስቦ ነበር፤ ግን ቆየ። ይህን የምነግራችሁ ንቀትን ቻሉ ለማለት አይደለም። ሰው ሁሉ አይቆይም፤ መሄድም ክብር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብቻ ሰው ስለ ናቀው ራሱን አልናቀም።

እና ምን እንበል ትሉኛላችሁ። እውነቱን በሉ፣ ሙሉውን። «ሒሳብ አስጠናለሁ፤ የሒሳብ መዝገብ ሥራ እየፈለግኩ ነው።» «ስልክ እጠግናለሁ፤ ሱቅ ያለው ሰው ብታውቅ ንገረኝ።» «ቁጭ ብዬ ነው» ያላችሁት ሰው የሚያደርግላችሁ ነገር የለም። «አይዞህ» ብሎ ያልፋል። ምን እንደምትሠሩና ምን እንደምትፈልጉ ከነገራችሁት ግን ወሬውን ይዞ ይሄዳል። ከወር በኋላ አንድ ቦታ ሰው ሲፈለግ ሊያስታውሳችሁ ይችላል።

ራሱን ያቃለለ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይታለላል። ሥራ እሰጥሃለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅን ሽሹት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181፣ የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ፓስፖርትህን እኔ ጋ አስቀምጥ የሚልህንም አትመነው። ችግርህን አይቶ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ታላላቆች። ልጃችሁን በሰው ፊት «ይሄ ሥራ ፈት» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። ጠዋት ተነስቶ በር ለማንኳኳት የሚያስፈልገውን ጉልበት ከቤት ሳይወጣ ትጨርሱበታላችሁ። ቀጣሪዎችም፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣን ልጅ የሦስት ዓመት ልምድ አምጣ ማለት ምን ማለት ነው? ከየት ያምጣው? ሥራ ያላችሁ ደግሞ፣ ያ ሲያያችሁ መንገድ የሚሻገረው ልጅ ዘንድ ቀድማችሁ ሂዱ። «ምን ደረስክ?» አትበሉት። «ምን ትወዳለህ? ምን ስትሠራ ሰነበትክ?» በሉት። የምታውቁት ክፍት ቦታ ካለ ንገሩት። ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ስልክ ነው።

ልጅቷ ያን ቀን ሲቪዋን አዲስ አድርጋ ጻፈች። ያመለከተችበትን ሥራ አላገኘችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ደወለችልኝ። የድሮ መምህሯን መንገድ ላይ አይታ ልትሸሽ ነበር። ከዚያ ቆመች። «ምን እየሠራሽ ነው?» ስትላት «ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ» አለቻት። መምህሯ ሦስት ወላጆች አስጠኚ ፈልገው እንደጠየቋት ነገረቻት፤ ስልካቸውንም ሰጠቻት።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን ደወልሽ?» አልኳት።

«ስንት ብዬ ልጠይቃቸው?» አለችኝ።