የቅድመ አያቴ ስም ፍለጋ አንገሸገሸኝ

የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጾች ገና ከበሩ የሚጠይቁት የቤተሰብ ስም ነው። ከየት ላምጣ? እኛ ጋ ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል። እኔ፣ አባቴና አያቴ ለኮምፒውተሩ የማንተዋወቅ ባዕዳን ነን።

የቅድመ አያቴ ስም በአገሩ እንኳ ብርቅ ነው። ብርቅ ስም ፍለጋውን ማቅለል ነበረበት። ግን ቄሱ የሚያውቋቸው በክርስትና ስማቸው፣ ሽማግሌው ደግሞ በፈረስ ስማቸው። ወረቀት ሲገኝ አንዱ በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶች በላቲን ፊደል ሲጽፉት ጭራሽ ይለይለታል!

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ማን ተገበረው? የልደትና የሞት ምዝገባ እንኳ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የአዛውንቶቹ ነገር ነው። ድሮ ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ይሟገት ነበር። በ1967 መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ ሙግት ቀረ፤ ቆጠራውም አብሮ ሳሳ። ዛሬ ሰባት ቤት አሳምረው የሚቆጥሩት እያለፉብን ነው። ልጆቻቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ስልክ ይነካካሉ እንጂ ድምፃቸውን አይቀዱም። እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ቅዱ!

የሴቶቹንማ ተዉት። የቅድመ አያቴን ሚስት ስም የጠየቅኩት ሁሉ «የእሳቸው ባለቤት» ይለኛል። ስም አልነበራቸውም እንዴ? የወለዱን እኮ እሳቸው ናቸው!