ካፒቴኑን ለመሸጥ አትቸኩሉ

ይህን መልስ የምጽፍለት ጽሑፍ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ግርጌ ላይ የተቀመጠ የበረዶ ሆኪ ክለብ ኮከቦቹን ሸጦ እንደ አዲስ ይጀምር ይላል። የአሜሪካው ክለብ ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ይህን ምክር ቢሰማ ኖሮስ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ከሰሜን አሜሪካው ሊግ (NHL) 31 ክለቦች የመጨረሻው ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ዮ ቀደም ብለው ተሰናብተዋል፤ የአጥቂው ቭላዲሚር ታራሴንኮና የካፒቴኑ አሌክስ ፒየትራንጄሎ ስም ከዝውውር ጭምጭምታ አልጠፋም። ሥራ አስኪያጁ ዳግ አርምስትሮንግ ግን ሁለቱንም አቆዩ።

የተለወጠው በረኛው ነው። ከታችኛው ሊግ የመጣው ጆርዳን ቢኒንግተን ጃንዋሪ 7 ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት ተሰልፎ ፊላዴልፊያን 3 ለ 0 ሲረቱ አንድም ግብ አልተቆጠረበትም። ከዚያ 11 ተከታታይ ድል፤ በጁን ደግሞ ቦስተንን በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ 4 ለ 1 አሸንፈው የክለቡን የመጀመሪያ ስታንሊ ዋንጫ (የሊጉን የሻምፒዮና ዋንጫ) አነሡ። ሁለተኛዋን፣ ማለትም የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረውም (ይሸጥ ሲባል የከረመው!) ፒየትራንጄሎ ነበር።

ተአምር ነው የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም፤ ራያን ኦራይሊን የመሰለ አማካይ ከቡፋሎ ያስመጣ ቡድን ድሮውንም ደካማ አልነበረም። በረኛው ግብ ሲቆጠርበት ተከላካዩም አጥቂውም ሰነፍ ይመስላል። የዚያ ጽሑፍ ጸሐፊ ስለ ደመወዝ ጣሪያ (ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል ስለሚችለው ከፍተኛ መጠን) ያን ያህል ከሚያብራሩ፣ ኮከቦቹን ይሽጥ ያሉት ቡድን በረኛ ከተመታበት መቶ ፓክ (በሆኪ በኳስ ፋንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ስንቱን እንደሚያድን ቢነግሩን ይሻል ነበር።