ስለ ብሩ ጠየቅነው፣ ስለ ነፍሱስ?

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ቁጣችንን ያለ ቦታው እያዋልነው ነው።

ልጅ በውርርድ ገንዘቡን ጨርሶ፣ ላስመልስ ብሎ ተበድሮ፣ መደበቅ ሲያቅተው «አድኑኝ» ብሎ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ ሰብስበን ሒሳብ እንመረምረዋለን። እኔም እንዲህ ካለው ሸንጎ ተቀምጫለሁ። ልጁ የአባቱ የጅሩ ሰንጋ የተሸጠበትን ብር ደብረ ብርሃን ላይ በኳስ ውርርድ አጥፍቶ ነበር። ስንት ተበላ? ከየት ትከፍላለህ? አባትህን አዋረድህ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ደጋገምንበት። እሱ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል። ከመካከላችን «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ያለው አንድም ሰው የለም። የጠየቀችው ማታ እራት ስታቀርብለት አክስቱ ናት። «አዎ» አላት።

ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስዊድን ጥናት፣ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የቁማር ሱስ እንዳለባቸው የተረጋገጠ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሕክምና ቤት የደረሱት ናቸው! ልጁ አፍ አውጥቶ ተናገረ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ዕዳው እንዳለ ነው፤ ምስጢሩ ወጥቷል፤ ኀፍረቱ ገና ትኩስ ነው። ድብርትና መጠጥም ብዙ ጊዜ አብረው አሉ። እኛ ደግሞ በዚያው ቀን «ከቤቴ ውጣ» እንለዋለን።

ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበዋለሁ ብላችሁ አትፍሩ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። «ሂድ» አትበሉት፣ «እንሂድ» በሉት። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልትወስዱት ካሰባችሁም ውሰዱት፤ ሐኪም ካየው በኋላ፣ መድኃኒት ከታዘዘለትም እሱን ሳያቋርጥ። የዕዳውን ነገር አቆዩት፤ ዕዳ ቀጠሮ ይቀበላል።

ያች አክስት ያን ሌሊት አልጋዋን ትታ በሩ ሥር ቁርበት አንጥፋ አደረች። ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ። በማግስቱ እኛ ሽማግሌዎቹ የአበዳሪዎቹን ዝርዝር ይዘን ስንደርስ ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ ሐኪም ቤት ካርድ አውጥታለት አብራው ወረፋ ትጠብቅ ነበር።