ዳኛ ፊት የሚቋቋም ትንሽ መንግሥት

ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርባት በኮሎራዶዋ አውሮራ ቤት ከገዛሁ በኋላ የደረሰኝን የመጀመሪያ የንብረት ግብር ማስታወቂያ ሳነብ፣ ከካውንቲውና ከትምህርት ቤቱ ድርሻ በታች ሰምቼው የማላውቀው ሜትሮ ዲስትሪክት ሰፍሮ አገኘሁ። ለመንገድና ለውሃ መስመር የተበደረውን ዕዳ ከየቤቱ በሚሰበስበው ግብር የሚከፍል፣ የራሱ ቦርድ ያለው ትንሽ መንግሥት መሆኑን የተረዳሁት ጠያይቄ ነው።

በኮሎራዶ ሕግ እንዲህ ያለ ልዩ ዲስትሪክት ያለ ፍርድ ቤት አይቋቋምም። የአገልግሎት ዕቅዱን የካውንቲው ኮሚሽነሮች፣ ቦታው ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ካጸደቀው በኋላ፣ ከግብር ከፋይ መራጮች 30 በመቶ ወይም 200 ሰዎች (ከሁለቱ ያነሰው ቁጥር ይበቃል) የፈረሙበት አቤቱታ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ለሚባለው የስቴቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቀጠሮው በማስታወቂያ ይነገራል፣ መሬቴ አይካተት የሚል ባለንብረትም አቤቱታ ማስገባት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛው ምርጫ ያዛል። መራጩ ከተስማማ ፍርድ ቤቱ ዲስትሪክቱ መቋቋሙን ይወስናል፤ ከዚያ ወዲያ መቋቋሙን መቃወም የሚችለው የስቴቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ብቻ ነው፣ እሱም በ30 ቀን ውስጥ።

የእኛን ዲስትሪክት መዝገብ ከሬጅስትራር ጠይቄ ሳገላብጠው ግን ልቤ አዘነ። አቤቱታው ሲፈረም ሰፈሩ ባዶ ሜዳ ነበር፤ ፈራሚዎቹ ከአልሚው ላይ ቁራሽ መሬት ለመግዛት ውል በማሰራቸው ብቻ መራጭ የሆኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ዳኛው ፊርማውንና ማስታወቂያውን መርምሮ አለፈ እንጂ ነገ ቤት ገዝተው ስለሚገቡት ሰዎች እንዲጠይቅ ሕጉ አላዘዘውም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው እላለሁ።

በአገራችን የወረዳና የክፍለ ከተማ አወቃቀር የምክር ቤትና የአስተዳደር ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት ነዋሪው ቀርቦ የሚከራከርበት ችሎት አልነበረም። የማንነት ጥያቄ ሲነሳም መንገዱ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ወደ ዳኛ አይወስድም፤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የተቋጨው የስልጤ ጥያቄ የሄደው በዚሁ ነው። ለሚ ኩራ የምትኖረው እህቴ ፋይሏ ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማ መዛወሩን የሰማችው መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ነው።

የአውሮራው ችሎት ጠባብ ቢሆንም ማን እንደፈረመ፣ መቼ እንደተወሰነ በወረቀት አስቀርቷል፤ ኮፒውን ለጎረቤቶቼ አድዬ በግንቦት ለሚደረገው የቦርድ ምርጫ እየተዘጋጀን ነው። እህቴ እንዲህ ያለ መዝገብ ልጠይቅ ብትል የምትሄድበት ሬጅስትራር የለም።