«ምንም ነገር ነክተን አናውቅም» የሚለው ትምህርት ይታረም

በአጫጭር ቪዲዮዎች ተሰራጭቶ አሁን በክፍል ውስጥም እንደ ቁም ነገር የሚነገር አንድ አባባል አለ። «በአቶሞች መካከል ሁልጊዜ ክፍተት አለ፤ ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ተንሳፍፈህ ነው፤ የእናትህን እጅ እንኳ ነክተህ አታውቅም» ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ ፊዚክስ የሚወዱ ወጣቶች ይህንን በአድናቆት ሲደጋግሙት እሰማለሁ። አድናቆታቸውን እወድላቸዋለሁ። ትምህርቱ ግን ስሕተት ነው፤ ያውም ከሁለት በኩል። መምህራን ሰምተው እንዳልሰሙ ሊያልፉት አይገባም ባይ ነኝ።

እውነትነት ያለው ክፍሉ አጭር ነው። ኧርነስት ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳስረዳው፣ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ የተከማቸው መካከሉ ላይ ባለች እጅግ ትንሽ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ሁለት ዕቃዎች ሲነካኩ ኒውክለሶቻቸው አይገናኙም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ክፍተት አለ ለማለት ግን መጀመሪያ ጠርዝ መኖር አለበት። አቶም ቆዳ የለውም፤ ቅርፊትም የለውም። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ሞገድ የተዘረጉ ናቸው፤ ከኒውክለሱ በራቁ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ እንጂ «እዚህ ላይ አለቀ» የሚባልበት መስመር የላቸውም። ሁለት አቶሞች ሲቃረቡ ዳርና ዳራቸው ይደራረባል። በመካከል ባዶ ቦታ ቀረ የሚል ሰው አቶምን እንደ ብይ ጠንካራ ድቡልቡል አድርጎ ስሎ፣ ብዮቹ አልተጋጩም ብሎ የሚከራከር ነው። በጣና ዳር በየቦታው የምናገኘውን ጥቁር ድንጋይ እንውሰድ። ውስጡ ያሉት የሲሊከንና የኦክስጅን አቶሞች፣ ከመካከል እስከ መካከል ሲለካ፣ ወደ 0.16 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ይራራቃሉ። ርቀት ስላለ ንክኪ የለም ካልን ድንጋዩ ራሱን በራሱ አይነካም ማለት ነው። እንዲህ ያለው መለኪያ አንድ የሆነውን ዕቃ ከተለያዩ ሁለት ዕቃዎች መለየት አይችልም፤ ስለዚህ ለምንም አይጠቅመንም።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ትክክለኛውንና የሚያስደንቀውን ፊዚክስ ይሸፍናል። አቶም ውስጥ ያለው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ሙሌት እኩል ስለሆነ አቶም በጠቅላላው ገለልተኛ ነው። ሁለት ገለልተኛ አቶሞች በትንሽ ርቀት ላይ ሲሆኑ አይገፋፉም፤ ይሳሳባሉ። ይህ ስበት የቫን ደር ዋልስ ኃይል ይባላል። እርሳሳችን ውስጥ ያለው ግራፋይት 0.335 ናኖሜትር በሚራራቁ ስስ ንጣፎች የተደራረበ ሲሆን፣ ንጣፎቹን አንዱን ከሌላው ጋር ያቆራኘው ይኸው ደካማ ኃይል ነው፤ ደካማ በመሆኑም ወረቀት ላይ እየተላጠ ይቀራል። አቶሞቹ ከዚህ በላይ ሲጠጉ ነው መገፋፋቱ የሚበረታው። ለዚህም ዋናው ምክንያት ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ያስቀመጠው መርሕ ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ አቶማዊ ሁኔታ ውስጥ አብረው ሊገኙ አይችሉም። በግድ ሲጠጋጉ ወደ ከፍተኛ ጉልበት መውጣት አለባቸው፤ ያንን ጉልበት ደግሞ የሚከፍለው የሚገፋቸው አካል ነው። ፍሪማን ዳይሰን እና አንድሩ ሌናርድ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ እንዳረጋገጡት፣ ቁስ አካል ወደ ውስጡ ሳይሸማቀቅ ጸንቶ የቆመው በዚህ መርሕ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ንክኪ እንግዲህ ስበቱና ግፊቱ የሚመጣጠኑበት ቦታ ነው። ሐሳብ ብቻም አይደለም፤ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጌርድ ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌት እና ክሪስቶፍ ገርበር የሠሩት የአቶም ኃይል ማይክሮስኮፕ መርፌውን ወደ ገጽታው ሲያስጠጋ መጀመሪያ ስበቱን፣ ቀጥሎ ግፊቱን ይመዘግባል።

«አልነካንም» የሚሉት ወገኖች ሊጠይቁ የሚገባቸው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ምን ያህሉ ነው የነካው? እዚህ ላይ ተፈጥሮ በእርግጥ ታስደንቃለች። ለዓይን የለሰለሰ ብረት እንኳ ቀረብ ብለው ሲያዩት ጉብታና ጎድጓዳ የሞላበት ነው። ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት በጉብታዎቹ ጫፍ ብቻ ነው። ፍራንክ ፊሊፕ ባውደን እና ዴቪድ ታቦር እ.ኤ.አ. በ1939 በብረቶች መካከል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለክተው፣ እውነተኛው የንክኪ ስፋት ከሚታየው ስፋት እጅግ ጥቂቱ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ጭነት ሲጨመር ጉብታዎቹ ይደፈጠጣሉ፤ የንክኪው ስፋትም አብሮ ይጨምራል። ሰበቃ፣ ማለትም የሚነካኩ ገጾች መንሸራተትን የሚቃወሙበት ኃይል፣ ከጭነቱ ጋር የሚያድገው ለዚህ ነው።

ይህንን ባሕር ዳር ላይ ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተማችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ እናቶች በእንዝርት የሚፈትሉባት ከተማ ናት። አንድ የጥጥ ጭረት ርዝመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። የጋቢው ክር ግን ክንድ በክንድ ይሄዳል፤ ሙጫ የለበት፣ ቋጠሮ የለበት። አመልማሎውን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ እየሳሳ ይለያያል። ያንኑ ጥጥ አክርሮ መሳብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ክሩ ጣት እስኪቆርጥ ድረስ ይጠነክራል። ጭረቶቹ ያው ናቸው፤ የተጨመረ ነገር የለም። ክሩ ሲሳብ ጥምዝምዙ ጭረቶቹን ወደ ውስጥ ይጨምቃቸዋል፤ በተጨመቁ ቁጥር የሚነካኩበት ቦታ ይበዛል፤ ሰበቃውም ይጨምራል። የለበስነው ነጠላ ያልተበተነው እነዚህ አጫጭር ጭረቶች እርስ በርሳቸው ስለተነካኩ ነው። ማንም ነገር ማንንም ነክቶ አያውቅም የሚለው አባባል ለዚህ ለዕለት ተዕለት እውነት ምን መልስ አለው?

የፊዚክስ መምህራን ሰበቃን በሚያስተምሩበት ሳምንት አመልማሎና እንዝርት ይዘው ክፍል ይግቡ። ተማሪው ራሱ ይሳበው፣ ራሱ ያክርረው፣ ከዚያ ያንን ቪዲዮ አብረው ይዩትና አንድ በአንድ ይመርምሩት። ለፈተናም «የከረረውን ክር ምን ያዘው?» የሚል ጥያቄ ይውጣ፤ ከጥጥ የተነሣው ተማሪ መልሱን ሲፈልግ ቫን ደር ዋልስ ጋ መድረሱ አይቀርም፤ ከዚያም ፓውሊ ጋ።