ሦስቱን ሰዓት ሐኪሙ ይሠራል፤ ስድስቱን ሳምንት ማን ያስታምማል?

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ሰዎችን ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የሚልኩ አንድ አገናኝ ጋብዞ ግማሽ ሰዓት ያህል አስወራቸው። ርዕሱ ከወሊድ በኋላ የላላን የሆድ ቆዳ ቆርጦ የሚያጠብቀው ቀዶ ሕክምና ነበር። እንግዳው ነገሩ ጥርስ ከማስነቀል የተለየ አይደለም አሉ። ዓርብ ተሳፍሮ፣ ቅዳሜ ተሠርቶ፣ በሳምንቱ ቢሮ መግባት እንደሚቻል፣ ቦርጭም ላይመለስ እንደሚሰናበት አስረዱ። አዘጋጇ አንገቷን ከመነቅነቅ በቀር ጥያቄ አልነበራትም። የሰውየው ስልክ ቁጥር ግን ከማያ ገጹ ግርጌ አንዴም አልጠፋም።

ጥርስ! እስቲ ሥራውን እንየው። ሐኪሙ ከአንዱ የዳሌ አጥንት እስከ ሌላው፣ ከሆድ በታች ቆዳውን ይሰነጥቃል። ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው እያላቀቀ እስከ ጎድን አጥንት ድረስ ይገልጣል። እምብርት ዙሪያዋን ተቆርጣ ከሥሯ እንደተተከለች ትቀራለች። በእርግዝና ምክንያት ግራና ቀኝ የተለያዩት ጡንቻዎች ተሰብስበው ከላይ እስከ ታች በክር ይሰፋሉ። ትርፉ ቆዳ ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀረው ወደ ታች ተስቦ ይሰፋል፤ ለእምብርቷም በተሳበው ቆዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይከፈትላታል። አብዛኛውን ጊዜ በቁስሉ ሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያወጡ የፕላስቲክ ቱቦዎች ተተክለው ይቀራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ታካሚዋ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝታ ነው፤ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ይህን ከጥርስ ጋር የሚያመሳስል ሰው ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ይሸጣል። ስልክ ቁጥሩን ላየ ሰው የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም።

ጠቤ ከሕክምናው ጋር አይደለም። አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም ሃዋርድ ኬሊ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና መሥራታቸውን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ብራዚላዊው ኢቮ ፒታንጊ ደግሞ በ1967 የ300 ታካሚዎችን ውጤት አሳትመዋል። የተፈተነ ሙያ ነው። ሦስት አራት ልጅ ወልዳ ጡንቻዋ የተከፈተባት፣ ከታጠፈው ቆዳ ሥር በላብ የምትቆስል ሴት ብታደርገው እሰየው። ስለ ኃጢአትነቱ ለመስበክ ለተዘጋጁትም ጆሮ የለኝም፤ የሴት ሆድ የማንም የስብከት ርዕስ አይደለም። የማልታገሠው ውሸቱን ነው።

ቦርጭን ያሰናብታል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ዓይነት የሆድ ስብ አለ። አንዱ ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት የሚቆነጠጠው ነው፤ ሌላው አንጀትና ጉበትን ከቦ ከጡንቻው ጀርባ የሚቀመጠው ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና የሚደርሰው የመጀመሪያው ጋ ብቻ ነው። በየምሽቱ ጥሬ ሥጋና ቢራ የገነባውን ጠንካራ ቦርጭ ማንም ሐኪም ቆርጦ አይጥለውም። ሕክምናው ክብደት መቀነሻም አይደለም፤ እንዲያውም ክብደቷ ለወራት ሳይዋዥቅ የቆየች ሴት ናት ጥሩ ውጤት የምታገኘው። ገና መውለድ የምታስብ ደግሞ ብትቆይ ይሻላታል፤ ቀዶ ሕክምናው እርግዝናን ባይከለክልም የተሰፋው ጡንቻ እንደገና ሊለጠጥ ይችላል። ከወለደች ጥቂት ወራት ብቻ ለሆናት እናት ማስታወቂያውን ማሳየት ደግሞ ነውር ነው። በእነዚያ ወራት ጡንቻው በራሱና በተገቢ እንቅስቃሴ ሊሻሻል ይችላልና።

የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አገናኙ አንድ ሳምንት ነው የሸጡት። የሚገዛው ግን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ነው፤ ያንን ስድስት ሳምንት ደግሞ የእኛ ቤት አይሰጥም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ታካሚዋ ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ስፌቱ እንዳይወጠር አጎንብሳ ነው የምትራመደው። የምትተኛው በጀርባዋ፣ ትከሻዋ ከፍ ብሎና ጉልበቷ ታጥፎ ነው። በቱቦው ጫፍ የተንጠለጠለችው፣ እንቁላል የምታህል የፕላስቲክ ኳስ በየቀኑ ትገለበጣለች፤ የሚወጣው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ተለክቶ ይመዘገባል፤ በቀን ወደ 30 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ቱቦው ይወጣል። ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ልብስ ለሳምንታት ቀንና ሌሊት ይለበሳል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከባድ ነገር ማንሣት ክልክል ነው። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጠባሳው እስኪረጋ ዓመት ያልፋል።

አሁን ይህችን ሴት አዲስ አበባ አምጡና አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጧት። ውኃ በሳምንት አንዴ ይመጣል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እናቱ ከጉዞ ስትመለስ ሩጦ ይጠመጠምባታል እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አይጠይቅም። ሊጡን ማን ያቦካል? ከምጣዱ ፊት ማን ይቆማል? ቡናው እንኳ የሚፈላው ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጎንበስ ቀና እየተባለ ነው። ሠራተኛ ያላት ቤት ይቀላል፤ ሠራተኛዋ ግን በሁለተኛው ሳምንት ለበዓል አገሯ ገብታ ብትቀርስ?

በዚህ ላይ ምስጢሩ አለ። ወልዳ የተኛች ሴት ስትሆን አገሩ ሁሉ ያውቅበታል። እናቷ ከገጠር ትመጣለች፣ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ወገቧ በመቀነት ይታሠራል፣ ባልዲ ካነሣች ጎረቤት ይቆጣታል። ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገችው ግን ለመሥሪያ ቤቷ ዓመት ፈቃድ ብላ፣ ለአማቷ ሥልጠና ብላ፣ ለጓደኞቿ ደግሞ ምንም ሳትል ነው የሄደችው። በቁስሏ ከአራስ አታንስም፤ የሚያስታምማት ግን የለም፤ ምክንያቱም መታመሟን የሚያውቅ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ሰርግ ቤት ወጥ ስታማስል ትገኛለች፤ እምቢ ብትል ምን ብላ ነው? ስፌቱ ሲከፈት፣ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሲቋጥር፣ ትኩሳት ሲይዛት እንኳ ለሐኪሙ እውነቱን ከመናገሯ በፊት በሩ መዘጋቱን ታረጋግጣለች። እንግዲህ አገናኙ ሳምንት የሚሉት ይህንን ነው። እኔ እንደማምነው በዚህ ሕክምና ከሚጎዱት ሴቶቻችን የሚበዙት በቢላዋው ሳይሆን በዝምታው ነው፤ ይህን የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ስለሌለ ብቻ ሐሰት አይሆንም።

በውጭ ያሉት እህቶቻችንም ከዚህ አያመልጡም። አሜሪካ ውስጥ የጤና መድን ለውበት ቀዶ ሕክምና አይከፍልምና፣ ርካሽ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር የሚበረረው ለዚህ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሽተኛ ከአልጋ ስታነሣና ስታስተኛ የምትውል ሴት በአሥረኛው ቀን ሥራ ከገባች ስፌቷ በምን ይቆያል? ስድስት ሳምንት ያለ ደመወዝ መቀመጥ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ጋር መደመር አለበት። በጥቅል ዋጋው ዝርዝር ውስጥ ሆቴሉም፣ መኪናውም፣ አስተርጓሚውም ተጽፏል፤ ይህ አልተጻፈም።

አዋቂ ሰዎች ናቸው፣ ራሳቸው ይምረጡ የሚል አይጠፋም። ይምረጡ! ከውሸት መካከል ግን አይመረጥም።

ቅዳሜ ተሠርቶ በሳምንቱ ቢሮ የተባለውን በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጡት። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ደረት ወይም ሆድ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 10 ቀን እንዲቆይ ይመክራል። አገናኙ የሸጡት ጉዞ በሰባተኛው ቀን አውሮፕላን ውስጥ ያስቀምጣል። ምክሩ የተሰጠው ለጌጥ አይደለም። ከውበት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ለደም መርጋት ይበልጥ ከሚያጋልጡት አንዱ ይህ ነው፤ በእግር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ለሰዓታት እግር አጥፎ መቀመጥ አደጋውን ያባብሰዋል። አንድ ባት ብቻውን ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ነገ ድረስ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ያው ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ድረስ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከተደረገ የውበት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ 93 አሜሪካውያን መሞታቸውን አሳውቋል። ዝርዝራቸው ከተመረመረው አብዛኞቹን የገደላቸው በደም ሥር የተጓዘ ስብ ወይም የረጋ ደም ነበር፤ ብዙዎቹ ደግሞ በአንድ መኝታ ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና ያስደረጉ ናቸው። የብሪታንያ መንግሥትም በ2023 ስድስት ዜጎቹ ቱርክ ውስጥ ሕክምና ካደረጉ በኋላ መሞታቸውን በጉዞ ምክሩ ላይ ጽፏል። ሆድ፣ ጡትና ስብ መምጠጥ አንድ ላይ ሲሆን በቅናሽ እየተባለ የሚቀርበውን ጥቅል ስታዩ እነዚህን ሰዎች አስቡ። ዋጋው የቀነሰው ማደንዘዣው አንድ ጊዜ ስለሚሰጥ ነው፤ ሰውነት ግን ቅናሽ አያውቅም።

ማጨስ ቆዳን የሚመግቡትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሲጋራም ሺሻም ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ካልቆመ ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ ጠቁሮ ሊሞት ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምትል ሺሻ አጫሽ ከሐኪሟ ፊት ብትደብቀው ራሷን ነው የጎዳችው። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ጠባሳ አብጦ የመቅረት ዕድሉ ከነጮቹ ይበልጣል፤ ስለዚህ የክሊኒኩን የነጭ ሴቶች ፎቶግራፍ ትታ፣ የራሷን ቆዳ የሚመስል ቆዳ ላይ የተሠራ ጠባሳ ዓመት ከሆነው በኋላ አሳዩኝ ትበል። ስኳርና ግፊት ካለ፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ከቤተሰቧ ደም የረጋበት ሰው ካለ፣ ይህን የምትናገረው ለቀዶ ሐኪሙ ነው እንጂ ለአገናኙ አይደለም።

ወደ አገሯ ስትመለስ የሚቀበሏት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም እንደ የካቲት 12 እና አለርት ባሉ ሆስፒታሎች እሳት ያቃጠለውንና አደጋ የጣለውን ሲያክሙ ነው የሚውሉት። በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት የተከፈተ ስፌት ይዛ የመጣችን ሴት ያክማሉ፤ ምን እንደተሠራላት ግን አያውቁም፤ በእጇ ያለው የሆቴል ደረሰኝ ነውና። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈሏ በፊት፣ የተቆረጠው፣ የተሰፋውና የተሰጣት መድኃኒት የተዘረዘረበትን የቀዶ ሕክምና ዘገባ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በሐኪሙ ተፈርሞ ትቀበል። ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ሕንጻው ውስጥ የጽኑ ሕሙማን ክፍል መኖሩን፣ ከተመለሰች በኋላ ሌሊት ስልክ የሚያነሣላት ሐኪም ማን እንደሆነ በስም ትጠይቅ። አገናኙንም ከክሊኒኩ በአንድ ሰው ስንት እንደሚከፈላቸው ትጠይቃቸው፤ ይህችን ጥያቄ ምስጢር ነው ብለው ካለፏት ስልኩን ዘግታ ገንዘቧን ባንክ ትመልስ።