ላለፈ ክረምት

ቅዳሜ ዕለት ወዳጄ ቡና ጠራኝ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይደርስ ተነሥቶ ቡፌውን ከፈተና፣ እናቱ ለእንግዳ እንኳን ከማያወጧቸው ብርጭቆዎች መካከል መዳፍ የምታክል ግራጫ ሳጥን በሁለት እጁ አቅፎ አወጣ። አራስ ልጅ የሚያሳየኝ ነው የሚመስለው። እጄን ስዘረጋ ሸሸኝ።

«መጀመሪያ ታጠብ!»

አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ለቆሎው ያልታጠብኩትን እጅ ለመጫወቻ ታጠብኩ።

ነገርየዋ ኒንተንዶ ናት፤ የድሮው የቴሌቪዥን ጌም ማሽን ድንክ። የዘሯ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው ሐምሌ 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህቺ ድንክ 30 ጨዋታ በሆዷ ይዛ የመጣችው በኅዳር 2009 ነው። ፊቷ ላይ የጨዋታ ካሴት መክተቻ በር አላት፤ ግን አይከፈትም። ከጎኗ የተቀመጠችው የፕሌይስቴሽን ድንክም ክዳኗ አይነሣም። ወዳጄ እንዲህ ያሉ አምስት አሉት። ዘመድ ከውጭ በመጣ ቁጥር ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ ይቀንሳል።

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» አልኩት።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። ቤተሰቤ እስኪሰለቸው ድረስ እተርተዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ተራቹ ጅማን የሚያውቃት አይመስለኝም። እዚህ በመጋቢት የጀመረ ዝናብ በጥቅምትም ልብስ አያደርቅም፤ የትኛው ክረምት አልፎ ነው ቤት የማይሠራለት? ደግሞ ኩባንያው ያለፈውን ክረምት፣ ያውም ሐምሌ የተወለደውን፣ በ60 ዶላር ሸጦታል። ሰው ገና እየፈለጋት ሳለ በሚያዝያ 2009 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ይህን ጊዜ ቸርቻሪው ዋጋዋን ሰቀለው። በሰኔ 2010፣ ልክ ክረምት ሲገባ፣ ተመልሳ መጣች። ስኳር ከሱቅ ጠፍቶ ከጓዳ ሲወጣ ያየ የአገሬ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

ስለ ካሴት ካነሣሁ አይቀር፣ ያ የሰፈራችን ጌም ቤት ባለቤት ይቅር ሊባል አይገባውም። በአንድ ስሙኒ አንድ ዙር ነበር። ካሴቱ ላይ «9999 በ1» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ውስጡ ያሉት ሰባት ናቸው፤ የቀሩት ያው ሰባቱ ስማቸውን ቀይረው ነው። ማሪዮ ግንቡ ደጃፍ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። ስሙኒያችንን ስንጠይቀው፦ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» ይላል። መልስ የለንም።

ከዚህ የባሰው ግን የእኔ ሥራ ነው። ካሴቱ አልነሣ ሲል ይጠራኛል። «አንተ ና፣ ትንፋሽህ ጥሩ ነው።» አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጉንጬን ነፍቼ እፍ ስል ኖርኩ። ለዚህ አንዲት ነፃ ዙር አልሰጠኝም። አንዲት! ልጅ ትንፋሹን ሸጦ ዋጋውን አጣ ማለት ይህ ነው። በቅርቡ እንዳወቅሁት ደግሞ ኒንተንዶ ራሱ እፍ አትበሉ ነው የሚለው፤ የትንፋሽ እርጥበት የካሴቱን የብረት ጥርሶች ያዝጋቸዋል። ስለዚህ ያን ሁሉ ካሴት የፈጀሁት እኔ ነኝ። ይበለው። ደግ አደረግሁ።

ወዳጄ በዚህ መሐል ድንኪቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቷታል። የመጫወቻዋ ገመድ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሶፋው ላይ ሆኖ መጫወት የለም። የእናቱ የጅማ በርጩማ መጣልኝ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር፣ ቡና ለሚያፈላ ሰው ወገብ እንጂ ለእኔ ያልተሠራች። አንገቴን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ። እናቱ በረካውን በራሴ ላይ አሻግረው ለልጃቸው አቀበሉት።

ተረቴን ረስቼ ግንቡ ጋ ደረስኩ። ሠላሳ ዓመት የቆየ ቂም በአውራ ጣቴ ላይ ነው። አንድ ዝላይ ሲቀረኝ መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «የሪሴቱን ቁልፍ ተጭነህ ነበር? እሱን ተጭነህ እኮ የደረስክበትን ማስቀመጥ ትችል ነበር» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አልኩት።